ከማህሌት በግ የሚበልጥ በግ

እናቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? የአርባ ምንጭ ሙቀት ከእኛም ይብሳል ሲባል ሰምቼ፣ እንቅልፍ ነሥቶዎት ይሆን እያልሁ አስባለሁ። መነጽሩ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል ብለው ነበር፤ ወንድሜ ዓምደ ሚካኤል አስተካከለልዎት ወይስ አሁንም ዛሬ ነገ እያለ ነው? ዳዊትዎን እንደ ልብዎ ይደግማሉ? የዚያ አገር ካህናት ዜማ ለጆሮዎ ተስማማ ወይስ ዛሬም «እንደ መሪጌታ አልሆነልኝም» እያሉ ቅር ብሎዎት ይመለሳሉ? የሁሉንም ደኅንነት መስማት እሻለሁ።

እኛ ለጤናችን፣ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን፣ ደኅና ነን። አማችዎ ዳኘው እንደ ወትሮው ፋብሪካው ይሄዳል ይመጣል፤ አልፎ አልፎ ወገቤን ይላል እንጂ ሌላ ሕመም የለውም። እኔም ኮሌጁ ምዝገባ እስኪጀምር ትንሽ ተንፍሻለሁ። ኪሩቤልና ምሥጋና ፈተናቸውን ጨርሰው ቤቱን ሲገለብጡ ይውላሉ። ክረምቱ በጊዜ ገብቶ ዓባይ ደፍርሷል፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ማታ ማታ ጋቢ ያስደርባል። ሰላሙን ያብዛልን እንጂ ሌላው ሁሉ ይቻላል።

በየእሑዱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉኝ ይሆናል። እማዬ፣ እዚያ ቤት ስልኩ ሲነሣ ድምፁ ይከፈትና ሁሉም ይሰማል፤ ምራትዎ ሸጊቱ ከማድቤት ትመልስልኛለች፣ ትንሿ ዜማ ትጮህብኛለች። ይህ ግን ለእርስዎ ብቻ የሚነገር ነው። በድምፄ ብናገረውም መሐል ላይ አልቅሼ እንደማቋርጠው ዐውቃለሁ። ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርጌ ጻፍሁልዎት። መጀመሪያ ብቻዎን ያንብቡት፤ ከዚያ ለማን እንደሚነበብ እርስዎ ይወስኑ።

ነገሩን ሳላዞር ልናገር። በየእሑዱ «አገርነሽ ደኅና ናት?» ሲሉኝ «ደኅና ናቸው፣ ሰላም ብለዎታል፣ ለጽዋውም አብረን ነበርን» ስልዎት የኖርሁት ውሸት ነው። እትዬ አገርነሽ ከጽዋችን ከወጡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ በእኔ አፍ የላኩላቸውን ሰላምታም አንዱን እንኳ አላደረስሁም፤ በምን ፊቴ በራቸውን ላንኳኳ?

ያን ዘመን ያስታውሱታል? አባባ ካረፉ በኋላ የሐይቁን ዳር ለቀን ዓባይ ማዶ ስንገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን አንድ ክፍል፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ፣ ስንደገፈው ልብሳችንን የሚያቆሽሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ለፋብሪካና ለቢሮ ሥራ ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ ከማክሰኝት፣ አንዱ ከወሎ፣ አንዱ ከሸዋ። ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚያለቅስለት ዘመድ በአጠገቡ የለም። «ዘመድ ከሌለን ማኅበር እንጠጣ» ብለው አሥራ አንድ ሴት አሰባስበው የሚካኤልን ጽዋ የጀመሩት እርስዎ ነዎት። እትዬ አገርነሽ ያን ጊዜ ባላቸው ሞቶ ከአንበሳሜ አዲስ የመጡ፣ ገበያ ላይ ጌሾ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ማን በየትኛው ወር እንደሚደግስ ዕጣ የወጣ ዕለት፣ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ያሉበትን ሰፌድ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ለእርስዎ ሐምሌ ደረሰዎት፣ ለእትዬ አገርነሽ ታኅሣሥ።

በየወሩ በአሥራ ሁለት የምናየው ደስታ አሁን የት እንደገባ አላውቅም። ወንበር ስለሌለ ጆንያ ይነጠፋል። ዋንጫ ስለማይበቃ እያንዳንዷ ማኅበርተኛ የራሷን ጣሳ ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ትመጣለች፤ አንዲቱ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንዲቱ የቲማቲም፣ አንዲቱ እጀታው የወለቀ የልጅ ኩባያ። ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ጠላው ቢቀጥን «ውኃውም የሚካኤል ነው» ተብሎ ይጠጣል። እርስዎ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ፣ እትዬ አገርነሽ «ፊቱስ አለ፣ ፍትፍቱን የት ደበቅሽው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ያፈርሱታል። እኛ ልጆች ደጅ ተደርድረን የዳቦውን ዳር እንጠብቃለን። ዳሩ ስለሚከር ትልልቆቹ አይወዱትም፣ እኛ ግን እንጣላበት ነበር።

ሲመሻሽ ጣሳዎቹን ይዘን ወደ ወንዙ እንወርዳለን። እናንተ ሁለታችሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ እያጠባችሁ ስታወሩ፣ እኔ እግሬን ውኃው ውስጥ ነክሬ እሰማችኋለሁ። ያን ጊዜ የማን ቤት ከማን ቤት እንደሚሻል አስቤ አላውቅም። የሚሻል ቤት መኖሩንም የማውቅ አይመስለኝም። እማዬ፣ ያችን ድንጋይ አሁንም ሳያት ሆዴ ይባባል።

እርስዎ አርባ ምንጭ ሄደው ተራዎን ለእኔ ሲተዉ «አደራ» ብለውኝ ነበር። አደራውን ተቀበልሁ፤ ያበላሸኝ የወሩ አቀማመጥ ነው። ያቺን ማህሌትን ያውቋታል፣ አማቷ ስታርፍ የአማቷን ተራ የወረሰችውን። ተራዋ ሰኔ ነው። የእኔ ከእሷ ቀጥሎ ሐምሌ ነው። እሷ የሠራችው ከሰው አፍ ሳይደርቅ የእኔ ይመጣል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወንበር ተከራይታ፣ ሦስት ዓይነት ወጥ ሠርታ፣ የታሸገ ውኃ ለየሰዉ አቀረበች። እኔም በወሩ ድንኳን አስተከልሁ። ለአሥራ ሁለት ሴት ድንኳን! «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋና ገብታ» ሲሉ የነበረው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጽዋው አልፎ ቤቴ ገባ። ሥራ ስሄድ በማህሌት በር ነው የማልፈው። ከቤቴ ስወጣ ደኅና ነኝ፤ ልጆቼ በልተዋል፣ ዳኘው ቀልዶብኛል፣ ሰማዩ ጠርቷል። በእሷ በር ሳልፍ አዲስ የብረት አጥር አያለሁ፣ ወይም መጋረጃ፣ ወይም ልጇ አንደኛ ወጥቶ ተሸለመ ሲባል እሰማለሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ጥርሴን ነክሻለሁ። ምሥጋና ሦስተኛ ወጥታ እየዘለለች ስትመጣ «አንደኛና ሁለተኛ እነማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ፊቷ እንዴት እንደወደቀ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። እሑድ እሑድ ከዳኘው ጋር ሐይቁ ዳር መቀመጥ እንዴት እወድ እንደነበር ያውቃሉ። አሁን የሰው መኪና እየቆጠርሁ ውኃውን ሳላየው እመለስ ጀመር። ዳኘው አንድ ቀን «እኛኮ ቤት የለንም፤ ያለን የማህሌት ቤት ማያ መስኮት ነው» አለኝ። ተቆጣሁት። እውነቱን ስለነበረ ነው የተቆጣሁት።

በዚህ መንፈስ ሳለሁ ታኅሣሥ መጣ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ማለቴ ነው። ጽዋው እትዬ አገርነሽ ቤት ነበር። የገና ጾም ስለሆነ ቤታቸው እንደ ሁልጊዜው ዳቦ፣ ሽሮ፣ ንፍሮና ጠላ ነው። እኔ ግን ባለፈው ድግሴ የሰው ምስጋና ጥሞኛል። በዚያ ላይ ማህሌትም እዚያ ትመጣለች። ስለዚህ «ላግዝዎት ብዬ ነው» ብዬ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት፣ ሩዝ በአትክልት፣ የተጠበሰ ድንች፣ በአራት ትልልቅ ሳህን ይዤ ገባሁ። ሰው ቤት፣ በሰው ተራ፣ በሰው ገበታ ላይ! እጅ ሁሉ ወደ እኔ ሳህን ዞረ። የእትዬ አገርነሽ ንፍሮ ገበታው ላይ እንፋሎቱ አልቆ ቀዘቀዘ። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ በሁሉም ፊት «እትዬ፣ ለከርሞም እርስዎ አይድከሙ፣ እኔ ሠርቼ እልክልዎታለሁ» አልሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቃሏ ወጣች።

እሳቸው «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ጽዋውን ለቀጣይዋ ሲያስረክቡ «እስከ ዛሬ አብሬያችሁ ጠጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ቁጥር አታስገቡኝ። ሚካኤልን በቤቴ እዘክራለሁ» አሉ። ሰዉ ደነገጠ። እኔ «አርጅተው ነው፣ ድካም ነው» እያልሁ ለሁሉም አስረዳሁ። ከእርስዎ የምደብቀው የለኝምና ልንገርዎት፤ ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ በልቤ የያዝሁት እሳቸውን አልነበረም፤ አራቱም ሳህኖቼ ባዶ ሆነው መመለሳቸውን ነበር።

በዚያው ዓመት ለሰኔ ሚካኤል ማህሌት በግ አረደች። ዕለቱ ረቡዕ ቢሆንም ገና በዓለ ኀምሳ ስላልወጣ ፍስክ ነበርና ሰው ጥርሱን እስኪፍቅ በላ። የእኔ ሐምሌ አሥራ ሁለት ደግሞ ዓርብ ላይ ዋለና በሽሮ አለፍሁ። ያን ዕለት እንዴት እንደተቃጠልሁ አይጠይቁኝ፤ ቅዱስ ሚካኤል ራሱ ከማህሌት ጋር ያበረ መሰለኝ። ለከርሞ ብዬ ከጥር ጀምሬ አንድ ሙክት ግቢያችን ውስጥ አስሬ አደለብሁ። ምሥጋና ስም አውጥታለት ነበር፤ እኔ በልቤ የምጠራው ግን «ከማህሌት በግ የሚበልጥ» እያልሁ ነው።

እትዬ አገርነሽ ስለወጡ አሥራ አንድ ቀርተናል። ስለዚህ የእሳቸው ወር ባዶ ከሆነበት ካለፈው ታኅሣሥ ጀምሮ ሁሉም በአንድ ወር ወደ ፊት ተሳበና የእኔ ተራ ዘንድሮ ሰኔ ላይ አረፈ። ቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ሐሙስ ነው። ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም! እልል አልሁ። ዓምና ማህሌት በሰኔ ሚካኤል አርዳ የለም እንዴ? ዘንድሮ ግን ፋሲካ በሚያዝያ አሥራ ሁለት ገብቶ፣ ጰራቅሊጦስ በሰኔ አንድ ወጥቶ፣ ሰኔ ሁለት የሐዋርያት ጾም መያዙን አላሰብሁትም። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ይህ ቤት የሰኔን ጾም ጾሞ አያውቅም። «የቄስ ጾም ነው» እያልን ስንበላ ከርመናል፤ እኔ የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ!

ጎረቤት ቢረዳኝ ኖሮ አንዷ ታስታውሰኝ ነበር። ልማዳችን ሽንኩርቱን አብሮ መላጥ አይደል? እኔ ግን ድንገት ላሳያቸው ብዬ በሩን ዘግቼ፣ ከሌላ ሰፈር ወጥ ሠሪ ቀጥሬ፣ ማንንም አላስጠጋሁም። ሴትዮዋ የልደት ድግስ መስሏት ነበር። በጉ ጧት ታረደ። ጥብሱ፣ ቅቅሉ፣ አልጫው ተሠራ። ሽሮው እንኳ በቅቤ ነው። ዳቦውን ዳቦ ቤት ሰጥቼ በወተትና በዕንቁላል አስጋገርሁት። ዛሬ ቅዳሴው ምነው ዘገየ እያልሁ አጉረመረምሁ እንጂ ለምን እንደዘገየ ራሴን አልጠየቅሁም።

ማኅበርተኞቹ ገብተው ተቀመጡ። ሽታው ሲመታቸው እርስ በርስ ተያዩ፤ ነገር ግን በሰው ድግስ ማን ደፍሮ ይናገራል? የማህሌትን ፊት ብቻ ነበር የምጠብቅ፤ ስታቀረቅር ቀናች ብዬ ልቤ ሞቀ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነፍስ አባታችን አባ መርስዔ ኀዘን ከቅዳሴ ወጥተው መጡ። መስቀላቸውን አወጡ፣ ገበታውን አዩ፣ መስቀላቸውን መልሰው ከተቱት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሐዋርያትን አስገደፍሻቸውሳ» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። «አባትሽ ቢኖሩ ይስቁ ነበር፤ ከሳቁ በኋላ ነው የሚቆጡ» ብለው አጽናኑኝ፤ ግን የሚባረክ ዳቦ የለም። የሚበላ ፍሬ የለም። ያን ሁሉ ደግሼ ለሚካኤል አንዲት ቁራሽ አልነበረኝም።

ዳኘው ጆሮዬ ሥር ሱቅ ልሂድ አለ። አባ ግን «በዚህ ሰፈር በየወሩ በአሥራ ሁለት የጾምም ሆነ የፍስክ ዳቦ የማይታጣበት አንድ ቤት አለ። ከእናንተ ስወጣ ሁልጊዜ እዚያ ጎራ ብዬ እባርካለሁ» አሉ። ስሙን አልጠሩትም። ሁላችንም የማን ቤት እንደሆነ ዐወቅን። ሌላ ሰው ልልክ አስቤ ነበር፤ አፍሬ ራሴ ተነሣሁ።

እትዬ አገርነሽ በሩን ከፍተው አዩኝና መንገድ ለቀቁልኝ። ዳቦው መሶቡ ላይ ነበር፣ ገና አልተቆረሰም። ንፍሮው ይጨሳል። የሆነውን ነገርኋቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «እናትሽ ታኅሣሥን በዕጣ አልሰጠችኝምኮ» አሉኝ። «ዕጣውን የጠቀለለች እሷ፣ ሰፌዱን ያዞረችልኝም እሷ። በጾም ጊዜ ያለውም የሌለውም ቤት ገበታው አንድ ነው፤ አገርነሽ እንዳታፍር ብላ ነው። እኔም ገብቶኝ ዝም አልሁ። ሃያ ስምንት ዓመት በታኅሣሥ ቀና ብዬ አበላሁ። አንቺ ልጇ በዚያችው በታኅሣሥ መጣሽብኝ።»

እማዬ፣ እውነት ነው? ሰፌዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁና ሲነግሩኝ ትዝ አለኝ፤ እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እርስዎ «ቀጥ አድርጊው» ብለው ሰፌዱን በእጅዎ ዞር እንዳደረጉት። ያን ጊዜ እንዳይወድቅብኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳይናገሩ ኖሩ?

ቀጥለው ያሉኝ ግን ከዚህ ይብሳል። «እናትሽ ሥርጉትም ረሳችኝ። ስትሄድ ተቃቅፈን ተላቅሰን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ልጇ የነገረቻት ነገር ቢኖር ነው እያልሁ ቻልሁት» አሉኝ። እርስዎ በየእሑዱ ስማቸውን እንደሚጠሩ፣ ሰላምታው ሁሉ እኔ ጋ እንደቀረ ስነግራቸው፣ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ንፍሮውን በቁና ሰጡኝ። «ይህ የሚካኤል ነው፣ ውሰጂው። እኔ ግን አልመጣም። ለእናትሽ ሁሉን ሳትነግሪ ደጄን እንዳትረግጭ» አሉኝ።

ዳቦው ተባረከ። ንፍሮው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ተበላ፤ ሰዉ እንደዚያ ሲበላ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም። ማህሌት መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረች። ያቀረቀረችው ስለቀናች አልነበረም፣ ስላዘነችልኝ ነው። «እኔም ደክሞኛል» አለች፤ «ተራዬ ሊደርስ ሲል ሳምንቱን ሙሉ አልተኛም። በገባሁበት ሁሉ ሥርጉት እንዲህ ታደርግ ነበር፣ ሥርጉት እንዲያ ትል ነበር ሲባል፣ አንቺ እናት ያወረሰችሽ ነገር አለ፣ እኔ ግን ወንበር ከመከራየት በቀር ምን አለኝ እላለሁ።» እኔ በእሷ አጥር ስቃጠል፣ እሷ በእርስዎ ስም ትቃጠል ኖሯል። አብሬያት አለቀስሁ።

ጽዋውን የምትረከበው ባለተራ ግን እጇን ሰበሰበች። «ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔ ምን ላቀርብ ነው? ይቅርብኝ» አለች። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፉ። ሰላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የእርስዎ ጽዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረካቢ አጥቶ እኔ ቤት አደረ። ማኅበሩ በእጄ ሞተ ብዬ አሰብሁ።

እስከዚህ ያለውን የጻፍሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። በማግሥቱ ስንነጋገር ድምፅሽ ምን ሆኗል ብለው የጠየቁኝ ለዚህ ነበር። ሰኞ ወደ ፖስታ ቤት ልወስደው ስል፣ ለእናትሽ ንገሪ ያሉኝ እትዬ አገርነሽ መንገሬን በምን ያውቃሉ ብዬ አሰብሁ። ደብዳቤውን ይዤ ደጃቸው ቆምሁና ግቢ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። ከገባሁ በኋላ ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። ስለ ጣሳዎቹ ስደርስ ሳቁ። ስለ ታኅሣሡ ስደርስ እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። «ኬኩን ረስተሽዋል» አሉ። «የጾም ኬክም ነበር። ጻፊው።» እውነታቸውን ነው፤ አራት ሳህን ብቻ አልነበረም፣ የጾም ኬክም ይዤ ነበር። ይኸው ጻፍሁት።

ስጨርስ ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ። ትናንት ማታ ግን ራሳቸው በራችንን አንኳኩ፤ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። «ጽዋው የታለ? ሐምሌን እኔ እወስዳለሁ» አሉ። ከደስታዬ ብዛት ሮጬ አመጣሁላቸው። ከዚያ ያው ልማዴ ሆነና ሐምሌ አሥራ ሁለት ጾሙ የተፈታበት፣ ቅዳሜ የሚውል፣ ሰው ፍስክ የሚጠብቅበት ቀን መሆኑን አስታወስኋቸው። «ዐውቃለሁ» አሉ። «በፍስክም ንፍሮ ነው የማበላችሁ። የወደደ ይምጣ፤ ሥጋ ያማረው ቤቱ በልቶ ይምጣ።» ጽዋውን ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ማህሌትም ስትሰማ ወንበር እንዳንከራይ፣ ጆንያ እንድናነጥፍ ነገረችኝ። ባለተራዋም ነሐሴን እወስዳለሁ ብላለች። ሥጋው ምን ሆነ ይሉኝ ይሆናል፤ ቋንጣ አድርገን ሰቅለነዋል፣ በክረምት አልደርቅ ብሎ አስቸግሮናል። ዳኘው «በጉ ከሞተ በኋላ ሐዋርያትን እየጾመ ነው» እያለ ያላግጥብኛል።

ለዓምደ ሚካኤል ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ መነጽሩን እንዳይረሳ፣ በእኔም እንዳይፈርድ ይንገሩልኝ። ለሸጊቱ፣ እናቴን እንደ እናቷ ስለያዘችልኝ፣ ጉልበቷን ስሜያለሁ። ዜማን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ። ዳኘው እጅ ነሥቷል። ኪሩቤልና ምሥጋና ይናፍቁዎታል፤ ምሥጋና ሦስተኛ የወጣችበትን ወረቀት ለእርስዎ ብላ አስቀምጣለች፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አባ መርስዔ ኀዘን በጸሎታቸው እንደሚያስቡዎት ንገሪ ብለውኛል። እርስዎም ለእኔ ይጸልዩልኝ፤ ከተቆጡኝም ቁጣዎን እቀበላለሁ፣ ብቻ ዝም አይበሉኝ። እትዬ አገርነሽ ስልክ ስለሌላቸው በመጪው እሑድ እኛ ቤት መጥተው ይጠብቁዎታል። እኔ ስልኩን ሰጥቻቸው ወደ ደጅ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ማታ እስከ በራቸው ስሸኛቸው ለሐምሌ ምን ይዤ ልምጣ ብዬ ጠየቅኋቸው። እጄን በእጃቸው ያዙና «ባዶ እጅሽን ነይ» አሉኝ። እማዬ፣ ባዶ እጄን ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም። ዘንድሮ እሄዳለሁ።

የእርስዎው ልጅ
ፀደንያ ገብረ ሕይወት

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሰኔ ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.